ጋሽ ሞረድ ያረሟቸው ሁለት ምላጮች

በኋላ ጋሽ ሞረድ የተባሉት ሰው ጥቅምት ዘጠኝ ቀን፣ ከጸጉር አስተካካይ አባትና ከልብስ ሰፊ እናት፣ በወታደሮች ካምፕ አጥር ሥር በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የፊተኛው ክፍል የአባትየው ሱቅ፣ የኋለኛው የቤተሰቡ መኖሪያ ነበር። ሌላው ልጅ በእናቱ ጥሪ ሲነቃ፣ እሳቸው የሚነቁት ምላጭ በቆዳ ጠፍር ላይ ሲመላለስ በሚያሰማው ድምፅ ነበር። ሙያውንም ስምንት ዓመት ሳይሞላቸው በጆሯቸው ተማሩት፤ ስለቱ መሳሉንና አለመሳሉን ዐይናቸውን ጨፍነው ይለዩ ነበር ይባላል።

ሞረድ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሠፈሩ ነው። የማንም ጎረቤት መቀስ ደነዘዘ ሲባል፣ ማንም ሳይጠራቸው የመሳያ ድንጋያቸውን ይዘው ከተፍ ይላሉ። ባለቤታቸውም «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት ከሠርጋቸው ማግሥት ጀምሮ ይተርቱባቸው ነበር። ጋሽ ሞረድ ግን ተረቱን እንደ ምስጋና ይቀበሉት ነበር።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ወታደር የሚታጠፍ የጢም ምላጭ ይታደለዋል። ካምፕ ውስጥ የሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ እንዳይምታታ የወታደሩ ቁጥር በምላጩ ሁለት ቦታ ይመታበታል፦ አንዱ ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚጋጠምበት አንገት ላይ፣ ሌላው በራሱ በእጀታው ላይ። ወታደሮቹ ምላጫቸውን ለማስሳል ወደ ሱቁ ይመጣሉ፤ ልጁም ሰዎቹን ከስማቸው ይልቅ በቁጥራቸው ያውቃቸው ነበር። አባትየው ሞተው ሱቁ ለልጅየው ባለፈ ጊዜ፣ አንድ ለጋ ወታደር ምላጩን አስቀምጦ «ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ» ብሎ ወጣ። በዚያው ሌሊት የጦር ክፍሉ ወደ ሌላ ግንባር ተንቀሳቀሰ። ወታደሩ አልተመለሰም።

ጋሽ ሞረድ ያን ምላጭ መሳቢያ ውስጥ አኖሩት። ስብስባቸው የተጀመረው በዚህ መልክ ነው። ሰብሳቢ በዓለም ላይ ብዙ ነው፤ አንዱ ቴምብር፣ ሌላው ሳንቲም፣ አንዳንዱም ቂም ይሰበስባል። እሳቸው የወታደር ቁጥር ያለበትን ምላጭ ብቻ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮችና ከወራሾች እየገዙ ሰበሰቡ። ሴት ልጃቸው አግብታ ስትወጣ የእሷን ክፍል ወረሱ፤ ቁም ሣጥኗን አውጥተው፣ ውስጡ ወፍራም ጨርቅ የለበሰ ባለ ብዙ መሳቢያ ሣጥን አስገቡበት። ክፍሉ የማሽን ዘይትና የሳሙና ሽታ ይሸት ነበር።

ከሌሎች ሰብሳቢዎች የሚለያቸው አንድ ጠባይ ነበራቸው። ሌላው ሰው አሮጌ ምላጭ ሲያገኝ መስተዋት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉንም በተራ ይስሉ ነበር።

«ማን ሊላጭበት ነው?» ይሏቸዋል ባለቤታቸው።

«ባለቤቱ ድንገት ቢመጣስ? ደንዝዞ ልስጠው?»

«ባለቤቱ ከመጣስ አንተንም ጨምሮ ይውሰድልኝ!»

ታዲያ ከመሳቢያው ውስጥ ሰላም የሚነሳቸው አንድ ምላጭ ነበር። በስለቱ አንገት ላይ ሃያ ስድስት፣ በቀንድ እጀታው ላይ ግን ዘጠና አራት የሚል ቁጥር ተመትቶበታል። «አንድ ግዴለሽ ባለሙያ አምታቶት ነው» ይሉ ነበር፤ ለእንግዳ ሲያሳዩም ያን መሳቢያ አይከፍቱም። ከብዙ ዓመት በኋላ ያንኑ ምላጭ የሸጠላቸው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከአንድ የሟች ቤት ዕቃ መሐል ሌላ ምላጭ ሱቃቸው ድረስ አመጣላቸው። ስለቱ ዘጠና አራት፣ እጀታው ሃያ ስድስት!

«ጋሼ፣ ምነው? ደህና ነዎት?» አለ ነጋዴው፣ መቀመጫ ሲፈልጉ አይቶ።

«ደህና ነኝ። ዛሬስ በጣም ደህና ነኝ» አሉት።

ወደ ቤት በሩጫ ነው የገቡት። ባለቤታቸው ሁለቱን ምላጮች አገላብጠው አዩና እንዲህ አሏቸው፦ «አንዱ ቢሆን ስሕተት ነው። ሁለቱም እንዲህ ከሆኑ ግን የሆነ ነገር አለው። እስኪ ቆይ፤ ጠያይቅ።»

«ማንን ልጠይቅ? ቁጥሩ ራሱ ይናገራል እኮ!»

«ሳይጠሩት አቤት…»

«አቤት!» አሉና በሩን ዘጉ። የናስ ሚስማሮቹን ራስ ሞርደው አወጡ፤ እጀታዎቹን አቀያየሩ፤ በአዲስ ሚስማር መቱ። የዘጠና አራቱ ቀንድ ሲመታ ሲጢጥ ብሎ ነበር፤ ከደስታቸው ብዛት ችላ አሉት። ሃያ ስድስት ከሃያ ስድስት፣ ዘጠና አራት ከዘጠና አራት ተገናኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእንግዳ መጀመሪያ የሚከፈተው ያ መሳቢያ ሆነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በራቸውን አንድ ሽማግሌ አንኳኩ። ጢማቸው ያደገ፣ ኮታቸው ግን በሚገባ የተተኮሰ ነበር። የቀድሞ አሥር አለቃ መሆናቸውን ተናግረው ተቀመጡ፤ ሻይም ቀረበላቸው።

«የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ነው የላከኝ። ቁጥሩ የማይገጥም ምላጭ ፍለጋ ነው የመጣሁት» አሉ። «ቤት ስንቀይር ከሣጥን ጋር የጠፋብኝ ነው።»

የጋሽ ሞረድ ፊት በራ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት የምላጭ ባለቤት እነሆ በገዛ እግሩ መጥቷል! መሳቢያውን ሳቡና፣ «እንኳን ደስ አለዎት! አሁን ገጥሟል!» አሉ።

አሥር አለቃው ምላጩን አንሥተው፣ አንገቱን አዩ፤ እጀታውን አዩ፤ መልሰው አስቀመጡት።

«ማን አጋጠመው?»

«እኔው ነኛ! በገዛ እጄ!»

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ አሥር አለቃው በቀስታ። «እኔ ሃያ ስድስት ነኝ። ዘጠና አራት ጓደኛዬ ነበር። ወደተለያየ ግንባር ስንመደብ፣ በአንድ ሚስማርና በድንጋይ እጀታችንን ተለዋወጥን። ሐሳቡ የሱ ነው፤ እንዲህ ያለ ጅል ሐሳብ ከሱ በቀር ማንም አያመጣም። ‹ጠዋት ጠዋት ስትላጭ እጄን ትይዘዋለህ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም። እኔ ግን ቤት እስክንቀይር ድረስ በየማለዳው ይዤዋለሁ።»

ያን ጊዜ ባለቤታቸው ተረታቸውን ቢደግሙት ለጋሽ ሞረድ ይቀላቸው ነበር። እሳቸው ግን የሻዩን ብርጭቆ ብቻ አነሡ።

ጋሽ ሞረድ ምላጩን አንሥተው እጀታውን በጣታቸው ዳሰሱ። «መልሼ ልለውጠው እችላለሁ። ነገር ግን የጓደኛዎ እጀታ አርጅቷል፤ ባለፈው ሲመታ ድምፅ አሰምቶ ነበር። ዳግመኛ ሚስማሩን ካወጣሁት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከተሰነጠቀ ደግሞ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። እርስዎ ይወስኑ።»

«እንዲህ ተስተካክሎ ከሚቀመጥስ ይሰንጠቅ።»

ለቅዳሜ ተቀጣጠሩ። ጋሽ ሞረድ ሁለቱን እጀታዎች ከነስለታቸው ለብ ያለ ዘይት ውስጥ ዘፈዘፏቸው፤ ቀንድ ዘይት ሲጠጣ ይለዝባልና። በዚያ ሰሞን ምግብ አልበላ አላቸው። «አባወራዬ፣ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ ጥቂት ቅመስ» ሲሏቸው፣ «እጄን አይደለም የምፈራው፤ እጄማ ያዘዝኩትን ነው የሠራው» አሉ። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ ሳሕኑን አስቀምጠው አጠገባቸው ተቀመጡ።

ቅዳሜ አሥር አለቃው በሰዓታቸው ደረሱ። ጋሽ ሞረድ በሙያ ዘመናቸው አድርገውት የማያውቁትን ነገር አደረጉ፦ በየርምጃው ጠየቁ።

«እዚህ ጋ ያለውን ዝገት ልፋቀው?»

«ይቆይ።»

«ይህችን ጭረትስ? በሰም ልሙላት?»

«ኧረ እንዳይነኳት! እሱ በእጀታው ጠርሙስ ሊከፍት ሲሞክር የጫራት ናት። ነገርኩዎ እኮ፣ ጅል ነበር!»

ሁለቱም ሣቁ። ከዚያ ሣቁ ቆመ፤ የሚስማሩ ራስ ተሞርዶ አልቋልና። ጋሽ ሞረድ ትንፋሻቸውን ይዘው በትንሿ መዶሻ አንድ ጊዜ ነካ አደረጉት። ቀንዱ ቀጭ አለ። ከቀዳዳው የተነሣ እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወደ ቁጥሩ ሮጠ፤ ከዘጠናው ሥር ሲደርስም ቆመ። ጋሽ ሞረድ ስንጥቁን በቀጭን የናስ ሽቦ ጠምጥመው አሰሩት፤ የሃያ ስድስቱን ስለት ከዚሁ እጀታ ጋር አጋጥመው፣ አዲስ ሚስማር በዝግታ መቱ። የጓደኛውንም ምላጭ እንደዚያው መለሱት። ቁጥሮቹ እንደገና የማይገጥሙ ሆኑ።

ሳሙና በጥብጠው የአሥር አለቃውን ጉንጭ ከቀቡ በኋላ፣ እንደ ልማዳቸው ሊላጯቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን መልሰው ሰበሰቡት። ምላጩን ለባለቤቱ አቀበሉና መስተዋቱን ያዙላቸው። ሽማግሌው እጀታውን በጣታቸው ዳሰው ስንጥቁን፣ ሽቦውን፣ ጭረቷን አገኙ፤ ከዚያም ቀስ ብለው ተላጩ። መስተዋቱ አልተንቀጠቀጠም።

ሲጨርሱ፣ ጋሽ ሞረድ ሁለቱንም ምላጮች በአንድ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጧቸው።

«አንዱ የኔ አይደለም እኮ» አሉ አሥር አለቃው።

«የናንተ ነው። እኔ ያለያየኋቸው ይበቃል።»

ባለቤታቸው ማታ መሳቢያውን ሲወለውሉ፣ በጨርቁ ላይ የቀሩትን ሁለት የምላጭ ቅርጾች አይተው፣ «ባዶውን ምን ልታስቀምጥበት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ተይው፤ ባዶ ይሁን» አሉ ጋሽ ሞረድ። ቀጥለውም፣ «ደግሞ አሥር አለቃው በሚመጣው ቅዳሜ ይመጣሉ። ሲደነዝዝ ይሳሉልኝ ብለውኛል» አሉ።

«ጠሩህ ማለት ነው?»

«ጠሩኝ!»

ስሕተትን ማየት የዐይን ሥራ ነው፤ ከማረም በፊት መጠየቅ ግን ትምህርት ይፈልጋል፤ ጋሽ ሞረድም ትምህርቱን ዘግይተውም ቢሆን ጨርሰዋል። በሕይወታቸው አርባ አንድ የወታደር ምላጮች ሰበሰቡ፤ አንዱንም ሳያደነዝዙ ጠበቁ፤ ሁለቱን ለአሥር አለቃው መለሱ።