የሁለት ሱቅ አንድ መስመር

ካርቱም ሁለት ሰፈር በምሠራበት የጥገና ሱቅ ዛሬ የፊልም ዲስክ እጄ ላይ ተሰበረ። ድምፁ ወዳደግኩበት የካርቱም ሰፈር ወደ አል-ሳሃፋ፣ ወደ ስምንት ዓመቴ መለሰኝ።

አባቴ ፊልም ያከራያል። ግድግዳ የሚጋራን የክርስትና አባቴ ጋሽ ተፈራ ጌም ያጫውታል። ኢንተርኔታቸው አንድ መስመር ነው፤ አንዱ ሲይዘው ሌላው አያገኝም። አንድ ዓርብ አባቴ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ አዲስ ዲስክ ሊያሳይ ደንበኞቹን ሰበሰበ። ዲስኩ ግን አልገናኝ አለ።

«ያላ፣ እንሂድ፣ ጌሙ ይሻላል!» ብለው ስቀው ወጡ።

አባቴ ዲስኩንና ማጫወቻውን ይዞ ጋሽ ተፈራ ጌም ቤት ገባ። «መስመሩን ዘጋህብኝ፣ አንተ ሌባ!»

ጋሽ ተፈራ ዲስኩን ነጥቆ ጉልበቱ ላይ ሰበረው። አባቴ በማጫወቻው ግንባሩን ፈነከተው። እናቴ ሮጣ መጥታ ነጠላዋን መካከላቸው ጣለች። «በማርያም!» የገላጋይ ነጠላ አይረገጥም። አባቴ ግን ረግጦት ደገመው። ደም ነጠላው ላይ ተንጠባጠበ።

«ማን ነው መስመሩን የያዘው?» አለ አባቴ እያለከለከ።

እኔ ነበርኩ። ጋሽ ተፈራ በጓሮ በር አስገብቶኝ፣ ከማላውቀው አገር ልጅ ጋር በኢንተርኔት ኳስ እጫወት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ተፈራ። ሦስተኛውን ምት ተቀበለ።

ጎረቤት አባቴን ጎትቶ ሲያወጣው ጋሽ ተፈራ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለ። «ዝም በል። ክርስትና ያነሳሁህ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።»

ምቱን በእኔ ፋንታ እንደተቀበለ ያኔ አልገባኝም። አባቴ እስከ ዛሬ ጋሽ ተፈራን ሰላም አይለውም። እኔም መስመሩን የያዝኩት እኔ እንደነበርኩ ለአባቴ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።