ይጋባል ወይ?

እታለም በዴንቨር አየር ማረፊያ ተሳፋሪ በዊልቼር ስትገፋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጉልበት አላት፣ ጨዋታም አላት፤ አንድ ክፉ አመል ደግሞ አለባት፤ ያልገባትን ነገር ገብቶኛል ብላ መሄድ።

ልጇ ሔቨን ልትወልድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት የእታለም ግራ ዓይን ቀላ፤ ብርሃን ባየ ቁጥር ይወጋት ጀመር። ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ካለ የዓይን ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሟ ጠብታ አዘዘችላትና አስተርጓሚ በስልክ አስገብታ ብዙ አወራች። ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮዋ ላይ የቀረው አንድ ቃል ነው፤ ብግነት።

"ዓይን ማዝ ማለት ነው?" አለችው አስተርጓሚውን።

"እ... እንደዚያ ይበሉት" አለ፤ ችኮላ ላይ ነበር።

ዓይን ማዝን ማን ያጣዋል? አንዱን ከያዘ ሰፈሩን ሳያዳርስ አይለቅም። ስለዚህ እታለም የምታደርገውን አወቀች። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር በአንድ ሳህን መብላት ተወች። ቤተ ክርስቲያንም ሰላምታዋ ከሩቅ ሆነ። ሰዎቹ መጀመሪያ "ምን ሆና ነው?" አሉ፤ ኋላ "ኮርታለች" ብለው ተዉአት።

ሔቨን ሴት ልጅ ወለደች፤ ሳሌም አለቻት። የእናት ወጉ ከአራሷ አጠገብ መክረም ነው። እታለም ግን አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ሔቨን ወደምትኖርበት ሰፈር፣ ግሪን ቫሊ ራንች፣ ትሄዳለች፣ በሩ ላይ ታስቀምጣለች፣ ደወሉን ተጭና ወደ መኪናዋ ትሮጣለች። "ሺፍት ገብቶብኝ ነው" ትላለች በስልክ። ለአራስ ክፉ ወሬ አይነገርማ! በሩ ሲከፈት የሕፃኗ ለቅሶ መኪናው ድረስ ይሰማታል። ያኔ መሪው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

መቅላቱ ሲለቅ ጠብታውን አቆመች፤ ቀጠሮዋንም በዚያው ዘለለችው። የለቀቀ ዓይን ማዝ ምን መድኃኒት ያሻዋል? ዓይኑ ተመልሶ ቀላ። ጠብታውን ጀመረች፣ ሻል ሲላት ደግሞ ተወች። "አሁንም አለብኝ" እያለች ስትርቅ ሰባት ወር ሞላ። በመጨረሻ ግራ ዓይኗን ጭጋግ ሲለብሰው ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች። የዚህ ጊዜ አስተርጓሚው ፍቅረየሱስ የሚባል ወጣት ነው፤ አጠገቧ ተቀምጦ በእርጋታ አስረዳት።

"ይሄ ዓይን ማዝ አይደለም፣ እትዬ። የእርስዎን ጀርም አላመጣውም። የሰውነትዎ መከላከያ ተሳስቶ የራስዎን ዓይን እየወጋ ነው። ጠብታው እሱን ለማብረድ ነው፤ ዶክተሯ ሳይሉ አይቆምም። ማቋረጥዎ ነው የጎዳዎት። የጠፋው እይታ ሁሉ ላይመለስ ይችላል።"

ስለ እይታዋ አልጠየቀችም።

"ይጋባል?"

"አይጋባም።"

"ለሕፃንም?"

"ለማንም።"

በማግስቱ ጠዋት ግሪን ቫሊ ራንች ሄዳ ደወሉን ተጫነችና በሩ ላይ ቆመች። ሔቨን ሁሉንም ስትሰማ ተቆጣች፤ እያለቀሰች ነው የተቆጣችው።

"እማ፣ ቴክስት ማድረግ እንኳን አቃተሽ? አልፈለግሽንም ብዬ ነው እኮ ያሰብኩት!"

ሶፋው ላይ የሔቨን አማት ምንትዋብ ተቀምጣለች፤ አራሷን በእታለም ፋንታ ያረሰቻት እሷ ናት። እታለም እጇን ሁለቴ ታጥባ ሳሌምን አቀፈቻት፤ ሳመቻትም። ሕፃኗ የአያቷን የእታለምን ፊት ትክ ብላ አየች፣ ለንቦጯን ጣለች፣ ከዚያ እሪ አለች። ሁለት እጆቿን ወደ ምንትዋብ ዘረጋች።

ምንትዋብ ተቀበለቻትና ጀርባዋን እያሻሸች፣ አንዳች ክፋት ሳታስብ፣ "አይዞሽ እታለምዬ፣ እንግዳ ሰው ስታይ እንዲህ ናት" አለች።