መረጃ ሰጪ ቁጥር አራት

የያዙኝ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። ከለውጡ በፊት ባሉት ዓመታት ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምር ነበር። ሁለት ሰዎች ቢሮዬ ገቡና አንደኛው፣ «መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አለኝ። ያን ጊዜ የዚህችን አምስት ደቂቃ ትርጉም የማያውቅ የከተማ ሰው አልነበረም። የጀመርኩትን ወረቀት ልጨርስ ብዬ ለመንኳቸው፤ ቆመው ጠበቁኝ። ተማሪዋ ከአሥር ሰባት አገኘች።

ወንጀሌ ገና ያልታተመ አንድ ጥናት ነበር። ከጅጅጋ እስከ ሐርተሼክ ድረስ በመንግሥት በጀት ተሠሩ የተባሉ ቢርካዎችን፣ እነዚያን የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸውን የሲሚንቶ ጉድጓዶች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እየዞርኩ ሳይ ከርሜያለሁ። ከፊሎቹ አሉ። ከፊሎቹ ያሉት ሪፖርት ላይ ብቻ ነው። ጥናቱ ማንንም አይሳደብም፤ ሙስናን አስቀድሞ ለመከላከል የትኛው አሠራር ይሻላል የሚል፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ጽሑፍ ነው። ውስጡ ግን ሰዎች ይናገራሉ። ስም የላቸውም፤ መረጃ ሰጪ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባሉ ይሄዳሉ።

አራተኛዋ ሐርተሼክ ዳር ሻይ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። የቢርካው ስም በትልቁ የተጻፈበትን ታፔላ አሳዩኝና በሶማሊኛ፣ «ታፔላው ይኸው፤ ውሃውን አንተ ፈልገው» አሉኝ። ታፔላው እግር ላይ ፍየላቸውን አስረዋል። ቢርካ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። ልሄድ ስነሳ እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ዞሮ እኔ ላይ አይመጣም?»

«ኤዶ፣ ስምዎን ወረቀት አያየውም» አልኳቸው። ኤዶ አክስቴ እንደማለት ነው። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ የስም ዝርዝሩ ከጭንቅላቴ ሌላ የትም አልነበረም።

ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ መንጣጣት ይጀምራል። አሥራ አራት ሰዎች ነበርን። አንድ ጀሪካን ለመጠጥ፣ አንድ ጀሪካን ለሽንት ሰጥተውናል። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ የሚጠጣበት ክዳን አለው። ምሳችን ዘይት ያልነካው ሩዝ ነበር፤ የጅጅጋ ንፋስ በበሩ ሥር እየገባ አቧራውን ያክልበታል።

ምርመራ ላይ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «አራት ማን ነው?» ሌሎቹን ቁጥሮች ብዙም አልፈለጓቸውም፤ ያቺ ታፔላ ናት ያንገበገበቻቸው። አልተናገርኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም። ከተናገርኩ በሦስተኛው ቀን ሴትየዋን እዚያው ግቢ፣ በሴቶቹ ክፍል በኩል እንደማያቸው ስለማውቅ ነው። ያደረጉብኝን አልዘረዝርም፤ የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ብርድ ሲሆን ዛሬም ያስታውሱኛል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከምሳ በኋላ የማቆያው ኃላፊ አስጠራኝ። ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ጫት ይቅማል። ፊት ለፊቱ ያለው ጥናቴ ነው።

«ተቀመጥ፣ መዓሊን» አለኝ። መዓሊን መምህር ማለት ነው። እስከዚያ ቀን «ወርያ»፣ አንተ እያለ ነበር የሚጠራኝ። ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳልኝ፤ ያኔ ነው ይበልጥ የፈራሁት።

«እኔም እኮ ተማሪ ነኝ። ማስተርስ፣ የቅዳሜና እሁድ። ኮርሱ አልቋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ቀረኝ።»

«ርዕስዎ ምንድን ነው?»

«ሙስናን አስቀድሞ መከላከል» አለ። ፊቱ ላይ እፍረት ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ጥናቴን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ወላሂ፣ ቆንጆ ነው። ሽፋኑን እንቀይረዋለን። አንተ ደግሞ መምህሮች ምን እንደሚወዱ ታውቃለህ፣ አስተካክለው። ከዚያ ቤትህ ትገባለህ።»

በእኔ ስም ሲሆን የመንግሥትን ስም ማጥፋት ነው፤ በእሱ ስም ሲሆን ዲግሪ። ገጹ ያው፣ ዓረፍተ ነገሩም ያው። ስድብ አፌ ድረስ መጣ። ያን ጊዜ ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፤ በዓለም ላይ የኔ የምለው ያ ወረቀት ነበር። ልሳደብ ስል ሴትየዋ እጄን የያዙት ትዝ አለኝ፤ ዋጥኩት።

«ፈታኞቹ አራት ማን ነው ቢሉዎት ምን ይላሉ?» አልኩት።

«አንተ ትነግረኛለህ።»

«አይነገርም። የተመራማሪ ሕግ ነው። ሥራው የእርስዎ ከሆነ ሰዎቹን ያነጋገሩት እርስዎ ነዎት፤ ቃል የገቡላቸውም እርስዎ። የራስዎን መረጃ ሰጪ እያሳደዱ ካሰሩ፣ ጽሑፉን የሠራው ሌላ ሰው ነው ይባላል።»

ማኘኩን አቆመ። ከዚያ ሳቀ። «አቦ፣ አንተ ሰይጣን ነህ!»

«አራትን ይተዉልኝ። ጥናቱን ይውሰዱ።»

«ይሁን» አለ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ከሰዓት ከሰዓት እየወሰዱኝ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጡኝ። ስሜን ሰረዝኩ። የቦታዎቹን ስም አስወጣኝ፤ ሐርተሼክ «አንድ ወረዳ» ሆነች። «አየሁ»፣ «ጠየቅኩ» የሚሉትን ግን አልነካኋቸውም፤ ያየሁት ሁሉ እሱ ያየው ሆነ። ጫት ጫት እየሸተትኩ ስመለስ ክፍሉ ውስጥ ወሬ ይቋረጣል። ጆሮ ጠቢ መስዬያቸዋለሁ። አንድ ቀን፣ ከመሀል አገር መጥተው ሽንሌ ሱቅ የከፈቱ ሽማግሌ እስረኛ በግልጽ ጠየቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሰውዬው ምን እያስጻፈህ ነው?»

«ሙስናን እንዴት እንደሚከላከሉ።»

 ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ዘበኛው በሩን እስኪደበድብ ድረስ። ሽማግሌው እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ይሄስ ወረቀትም አላስተረፈ» አሉ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

በመጨረሻው ቀን አንዲት ገጽ ቀረች። «ይህ ጽሑፍ የራሴ ሥራ መሆኑን፣ መረጃውንም ራሴ መሰብሰቤን አረጋግጣለሁ» የምትለው ናት።

«ጻፋት፣ እኔ እፈርማለሁ» አለኝ።

እጄን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩ። «ይቺን አልጽፍም።»

«ሌላውን ሁሉ ጽፈህ?»

«ሌላው እውነት ነው። ይቺ ውሸት ናት። ውሸቱን ራስዎ ይጻፉት፣ በእጅዎ።»

ጣቶቼን ለረጅም ጊዜ አያቸው።  በመጨረሻ ነጭ ወረቀት ሳበና ከሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ እያየ መገልበጥ ጀመረ። ሁለቴ ተሳሳተ፤ ሁለቴ ቀደደ። በሦስተኛው ፈረመ። መረጃውን ከሰዎቹ የሰበሰበው እሱ ራሱ መሆኑን በገዛ እጁ ጻፈ። እኔ የፈለግኩት ይህንኑ ነበር፤ ከእንግዲህ አራትን ቢያሳድድ የሚያጋልጠው ራሱን ነው።

ለዚያች ድፍረቴ ቅጣት፣ «ቤትህ ትገባለህ» የተባልኩት ተረሳ። እሱ እስኪመረቅ ድረስ አራት ወር ተጨማሪ ተቀመጥኩ። አራት ማን ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ሰውየው ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተደርድሯል። የኔ ቅጂዎች ስታሰር እንደተወሰዱ ቀሩ። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ ጠቅሶት መጣ፤ የጠቀሰው የአሮጊቷን ንግግር ነው። የሰውየውን ስም፣ ዓመቱን፣ ገጹን አስተካክሎ አስፍሯል።

«ጥሩ ምንጭ ነው፣ መምህር?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ፤ በምን ማስረጃ ልናገር? «ጥሩ ምንጭ ነው» አልኩትና የትክክል ምልክት አደረግኩለት።  ሥራዬን በፈቃዴ ነው የሰጠሁት፤ አልጸጸትም። ግን ይመራል፤ አይመርም ብል እዋሻለሁ።

በዚያው ሰሞን ሐርተሼክ ሄድኩ። ሴትየዋ እዚያው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። ታፔላውም ዝጎ ቆሟል፤ ሌላ ፍየል ታስራበታለች። ስለ እስሩ ነግሬያቸው አላውቅም፣ አልነግራቸውምም።

«ያ የጻፍከው ነገር ምን ደረሰ?» አሉኝ ሻዩን እየቀዱ።

«ሰው ተመረቀበት፣ ኤዶ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ከልባቸው ደስ ብሏቸው። ብርጭቆዬን አቀበሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ታፔላው መለሱ።

«ቢርካውስ?» አሉኝ።