መርፌው ብቻውን

የባሌ እህት በሠርግም በልቅሶም የምትለው ነገር ነበራት፦ «ወንድሜ ያገባው እንቅልፍ ነው።» ያኔ ነሸር ከተማ ጽዳት ሠርቼ ስመለስ አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ሀዳር ሰፈር ያለው ቤታችን ደርሼም ደረጃው መሀል እቀመጣለሁ። ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ። አልረሳሁትም ግን።

ከዓመታት በኋላ ኩላሊቴ ደከመ፤ ደሜም አነሰ። ደም እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን ከኩላሊት እንደሚወጣ ሐኪሟ ነገረችኝና በመርፌ ትተካልኝ ጀመር። ደስ አለኝ። እኛ ዘንድ መድኃኒት ማለት መርፌ ነው፤ ኪኒን ማባበያ ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ለአንገቴ ዕጢ የታዘዘልኝ ኪኒን ነበር። የባሌ እህት፣ «መርፌ ከጀመርሽማ እሱን ተይው፤ ሁለት መድኃኒት ሰውነት ውስጥ እርስ በርስ ይጣላል» አለችኝ። ተውኩት።

መርፌው ቢጨመርም ደሜ ከፍ አልል አለ። ሐኪሟ፣ «እንዲህ ከቀጠለ የሰው ደም እንሰጥሻለን» ስትል ደነገጥኩ። በወጣትነቴ እዚሁ አገር ደም ለግሻለሁ፤ የእኛን፣ ከኢትዮጵያ የመጣነውን፣ ደም በሽታ ፈርተው ሲደፉት እንደኖሩ የሰማነው በኋላ ነው። የእኔን ደፍተው የእነሱን አልቀበልም። ይህን ለሐኪሟ አልነገርኳትም። በዕብራይስጥ «ቤሰደር»፣ እሺ፣ ብዬ ወጣሁ።

በሌላው ቀጠሮ የባሌ እህት አብራኝ ሄደች። የምታስተረጉምልን ነርስ የእኛው ልጅ ናት፤ እዚህ ስለተወለደች አንቱታ አታውቅም።

«ኪኒንሽን ትወስጃለሽ?»

«እወስዳለሁ።»

«ደምሽ ግን አልወሰደችም እያለ ነው።»

የባሌ እህት ሳትጠየቅ፣ «እኔ ነኝ ተይው ያልኳት» አለች።

ሐኪሟ አስረዳች፤ ልጅቷ ወደ አማርኛ መለሰችው። «መቅኔ ውስጥ ገና ቀይ ደም ያልሆኑ ሕዋሳት አሉ፤ እንደ ልጆች በያቸው። መርፌው እንዳይሞቱ ይጠብቃቸዋል። ጎረቤት ሕዋሳት የሚልኩላቸው ሌላ ነገር ያበዛቸዋል። በደንብ እንዲበስሉ ደግሞ የአንገቱ ዕጢ ሆርሞን፣ ያ ኪኒንሽ፣ ያስፈልጋል። አንዱ ብቻውን አይበቃም።»

«አይጣሉም በይኛ!» አለች የባሌ እህት።

«አብረው ነው የሚሠሩት።»

ያን ጊዜ ጠየቅሁ፤ የማየው ግን ሐኪሟን አልነበረም። «የድሮው ድካሜስ? አውቶቡስ ላይ ይጥለኝ የነበረው እንቅልፍ?»

ሐኪሟ ርግጡን ማወቅ ባትችልም ያኔም ዕጢው ታሞ ሊሆን እንደሚችል ተናገረች። የባሌ እህት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

አውቶቡስ ላይ፣ «ያ በልቅሶ ቤት የምለው...» ብላ ጀመረችና አቆመች። እንድትጨርስ አላገዝኳትም። ልንወርድ ስንል፣ «እናታችን መድኃኒት ደባልቃ ነው የሞተችብን። ፈርቼልሽ ነው» አለች። ይህን ከወንድሟም ሰምቼው አላውቅም። ዘንቢሏን ተቀበልኳት።

ኪኒኑን ጀመርኩ። ደሜ ቀስ እያለ ከፍ አለ፤ የማንም ደም ሳይሰጠኝ ቀረ። አሁን በየጠዋቱ ትደውላለች።

«ዋጥሽ?»

አንዳንድ ቀን ውጬም፣ «ገና ነኝ» እላታለሁ። ትንሽ ትጨነቅ።