ለእንግዳ የሚታይ ከረጢት

ከሚሴ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ አንድ ጥቅል ፕላስቲክ፣ አንድ ጀሪካን ሞላሰስ የሚባል የስኳር ፋብሪካ ዝቃጭና አንድ አካፋ አስረከቡኝ። «የምፈርመው ወረቀት የለም?» ብላቸው «ከቆፈርክ በኋላ» አሉኝ። የመኖ ባለሙያ ነኝ ብዬ ሱሪዬን ተኩሼ ነበር የሄድኩት።

መጀመሪያ የተላክሁት አዴ ዘሀራ የሚባሉ እናት ቤት ነው። ያለቻቸው አንዲት የምትታለብ ላም፣ ቡሬ ናት። የልጅ ልጆቻቸው ወተት ከሷ ነው። ባለፈው በጋ መኖ አልቆባቸው ጊደራቸውን ሰንበቴ ገበያ አውጥተው ሸጠዋል፤ ዘንድሮ ተረኛዋ ቡሬ ነበረች።

ማሽላው ታጭዶ አገዳው ሳይደርቅ ከተፍነው። መኖው ሳይበላሽ ለበጋ የሚቆይበት ጉድጓድ ቆፍረን ፕላስቲክ አነጠፍን። አገዳውን በስሱ እየደለደልን፣ በውሃ የቀጠነ ሞላሰስ እያርከፈከፍን በእግራችን ጠቀጠቅነው። ከላይ ሸፍነን አፈር ጫንንበት። «ስድስት ሳምንት እንዳይከፈት» ብዬ ሄድኩ።

ቀኑ ሞልቶ ስመለስ አፈሩ ወደ ዳር ተጠርጓል። ፕላስቲኩን ስገልጥ ግማሹ ሻግቷል። ክው አልኩ።

«አዴ፣ ስንቴ ከፈቱት?»

«ወላሂ ለላሟ አንድ ጭብጥ አላወጣሁም። ጎረቤቱ ‹እስቲ ይህን የጉድጓድ መኖ አሳዪን› ብሎ ሲመጣ ገለጥ አድርጌ መልሼ እሸፍነዋለሁ። ደጄ ድረስ የመጣን ሰው ሳላሳይ ልመልስ? ነውር አይደል ልጄ?»

ደሜ ፈላ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። አትክፈቱ አልኩ እንጂ አየር እንደሚያበላሸው አልነገርኳቸውም። የሻገተውን አውጥተን ደፋነው። የተረፈው እስከ ዝናብ አያደርስም። አዴ ዘሀራ የቡሬን ጀርባ ዳሰስ አድርገው «እንግዲህ ሰንበቴ ነው» አሉ።

ወሬው መንደሩን አዳረሰ። ከጁምአ በኋላ እነዚያው ሊያዩ የመጡት ጎረቤቶች አንድ አንድ ሸክም ደረቅ አገዳ ይዘው መጡ። ከፊት የነበሩት ሽማግሌ ሸክማቸውን አውርደው «ዓይናችን ነው ያበላሸው፣ እኛው እንክፈል» አሉ። አገዳውን ከትፈን፣ ከጀሪካኑ የተረፈውን ሞላሰስ አርከፈከፍንበት። ቡሬ ሳትሸጥ ዝናብ መጣ። እነዚያን ሰዎች የወደድኳቸው ያን ቀን ነው።

በዓመቱ ጉድጓዱን ስንደፍን ከዚያው ሞላሰስ ከነካው አገዳ ጥቂቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቄ ደጃፋቸው አኖርኩ። «ጉድጓዱ አየር ከገባበት ይሻግታል፤ እንግዳ ሲመጣ ይህን ይፍቱለት» አልኳቸው።

«አብሽር፣ አሁን ገባኝ» አሉ።

የመጣው እንግዳ ሁሉ ከከረጢቱ እያሸተተ «ማሻአላህ» ብሎ ሄደ። ጉድጓዱ እስከ ቀኑ ሳይነካ ቆየ።

አዲስ ለምትመጡ ባለሙያዎች፦ ለምን እንደማይከፈት ንገሩ። ከነገራችሁም በኋላ አንድ ከረጢት ለብቻው እሰሩ፤ እዚህ አገር እንግዳ ሳያይ አይመለስም።