አሚን የተባለበት ድምፅ

እናንተ ዘንድ ሲናገር የሰማችሁት ነገር ሌላው ዘንድ ሲደርስ ዝም ብሎባችሁ ያውቃል? በእኔ ደርሷል። ዝም ያለውም የአንዲት እናት ድምፅ ነበር።

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተር የማስተምር ጀማሪ መምህር ሳለሁ መንደራ ቆጪ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። የቤቱ ባለቤት ከጅማ አጠገብ ካለችው ከደዶ የመጡ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «አዮ»፣ እናታችን፣ ይላቸዋል። ጉሮሯቸው ላይ እጢ ወጣና ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ጥገና እንዲያደርጉ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ መናገር እንደማይችሉም አልደበቋቸውም። አዮ አላለቀሱም። ነገር ግን አንድያ ልጃቸው አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ስልክ አይፈቀድላትም። እሷን ሳይመርቁ ድምፃቸው መሄዱ ከበዳቸው።

ልጅቷ አልፎ አልፎ የአሠሪዎቿን ኮምፒውተር እንደምትነካ በኢሜይል ጽፋልኝ ነበር። ለተማሪዎቼ ማሳያ የሠራኋት አንዲት ድረ ገጽ ነበረችኝ። ምርቃታቸውን ቀድቼ ድምፁን እዚያ አስቀምጣለሁ፣ እሷም ከፍታ ትሰማለች አልኩ።

በጉዞው ዋዜማ ጠዋት አዮንና ሁለት ጎረቤቶቻቸውን በባጃጅ ይዤ ኢንተርኔት ካፌ ሄድኩ። የካፌው ባለቤት ገና አልመጣም፤ ሠራተኛዋ ከፈተችልን። ድምፁ ጥርት ብሎ እንዲቀዳ አዮ ብቻ እንዲናገሩ፣ ሌሎቹ ዝም እንዲሉ አዘዝኩ። አዮ «አላህ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ» አሉና ቆሙ። ጎረቤቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ጸጥ። ይቀጥሉ ብዬ በእጄ ጠቆምኩ።

«ማሎ፣ እባክህ ቲቸር፣ አሚን የሚል በሌለበት ማንን ነው የምመርቀው? ግድግዳውን?»

«ይመረቅ እንጂ፣ ሊወድቅ ነው» አለች አንደኛዋ ጎረቤት።

ተሸነፍኩ። አማርኛው ከኦሮምኛው እየተቀላቀለ፣ እያንዳንዱ ምርቃት በአሚን እየታጀበ ተቀዳ። ፋይሉን ከማሽኑ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጬ ከገጹ ጋር አገናኘሁት። እዚያው ስከፍተው ተናገረ። በማግሥቱ አዮን በደስታ ሸኘሁ።

የልጅቷ መልእክት የደረሰኝ ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ነው። «መምህር፣ ገጹ ይከፈታል። አዮ ግን አትናገርም።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ድረ ገጽ ድምፁን በሆዱ አይዝም፤ ድምፁ የት እንዳለ ብቻ ይጠቁማል። እኔ ያስጠቆምኩት የካፌውን ማሽን ነው። ከጅማ ርቆ ሰኮሩ ከተማ የደረሰን የተጠማ እንግዳ «ውኃው ጅማ፣ እኔ ቤት እንስራ ውስጥ አለ» እንደማለት። ይባስ ብሎ የካፌው ባለቤት ቫይረስ ስለሚፈራ ደንበኛ ጥሎት የሚሄደውን ፋይል በየሳምንቱ ይደመስስ ነበር።

በዝናብ ወደ ካፌው ሮጥኩ። ያ ድምፅ ከጠፋ በዓለም ላይ ሌላ የለም፤ አዮ ራሳቸውም እንኳ የላቸውም። ማሽኑ ፊት ስቀመጥ ዴስክቶፑ ባዶ ነበር። ፍለጋውን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ምንም የለም። ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁ። አዲስ አበባ አልጋ ላይ ያሉትን ሴት ምን ብዬ ላያቸው?

የካፌው ባለቤት ምን ሆነህ አለኝ። የአንዲት እናት ምርቃት ነበር አልኩት።

«ሴቶች አሚን የሚሉበት?» አለና የራሱን ማሽን ከፈተ። «ልደመስሰው ስል ሰማሁት። አሚን የተባለበትን ነገር በምን እጄ ልደምስስ? እኔ ጋ አዛወርኩት።»

ጸጥ በሉ ብዬ ያዘዝኩትን አስታወስኩ።

ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ገጹ ካለበት ማህደር ስጭንና ጠቋሚውን ወደዚያው ሳዞር መስመሩ እየተቆረጠ፣ መብራቱም እየሄደ እስኪመሽ አቆየኝ። በመጨረሻ ከሌላ ማሽን ከፈትኩት። አዮ ተናገሩ። የልጅቷም መልስ አጭር ነበር፦ «አሚን ብያለሁ።»

አዮ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ሲመለሱ ካፌው ወስጄ አሰማኋቸው። የገዛ ድምፃቸው መርቆ ቆም ባለ ቁጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ድምፅ ግን አልነበረውም። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እንግዲህ እባካችሁ፣ እናንተም ሞክሩት። የምትሳሱለትን ሰው ድምፅ ድምፁ ሳለ ቅዱ፤ በዙሪያው ያሉትንም ዝም አታሰኙ። ፋይሉን ከገጹ ጋር በአንድ ማህደር አኑሩ። ከዚያ ከማሽናችሁ ተነሡና ከሌላ ሰው ማሽን ክፈቱት።