የቶሌራ ጫጫታ

ሄሊና አየር ማረፊያው ጭነት ክፍል ሥራ ከያዘች ወዲህ በዝምታዋ ነው የምትታወቀው። ይህች ልጅ ሩዋንዳ ሰፈር ጎረቤት የሚያስለቅስ ባንድ ነበራት ቢባሉ ባልደረቦቿ ይስቃሉ። ባንዱ እሷና ቶሌራ ብቻ ነበሩ። እሷ ቤዝ ጊታር ይዛ ታንጎራጉራለች፤ ቶሌራ ጊታሩን በሞረድ እየፋቀ በተቀደደ ስፒከር ያስጮኸዋል። ዘፈን ነው ካላችሁ ዘፈን ነው። አባቱ አቶ ሰቦቃ ግን አላሉም። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጆቼ» ብለው ጋቢያቸውን ደርበው ይወጡ ነበር፤ አንድም ቀን ቁጭ ብለው አልሰሙም።

ባለፈው ክረምት ቶሌራ በመኪና አደጋ ሞተ። ከለቅሶው በኋላ ሽማግሌው ሄሊናን ጠርተው፣ «ያንን ነገር አንድ ጊዜ አሰሚኝ። ልጄ ዕድሜውን የጨረሰበትን ልወቀው» አሏት። ባንዱ ከመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች በቀር ምንም አልነበረውም፤ መቅጃው ስለተበላሸ እነሱም የቀሩት አንዲት ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው።

ወደ ስልኳ እንዲያዛውርላት ካርዷን ቦሌ የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብረው ለመኩሪያ ሰጠችው። መኩሪያ ቅን ሰው ነው፤ ጥፋቱም የመጣው ከቅንነቱ ነው። የጄኔሬተሩን ጩኸትና የመኪናውን ጥሩምባ አጥፍቶ የሽማግሌዎቹን ምርቃት ማስቀረት የዘወትር ሥራው ነው።

«ምን ላይ ነው የቀዳችሁት ደግሞ? ጫጫታው ድምፅሽን ውጦት ነበር እኮ» አላት። «ሙልጭ አድርጌ አጸዳሁልሽ። አሮጌውን አጥፍቼ ካርዱንም ባዶ አድርጌዋለሁ፤ ሌላ ትቀጂበታለሽ።»

ጫጫታው እኮ ቶሌራ ነው። ሄሊና ባዶውን ካርድ ተቀበለችው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ልትጠላው ፈለገች፤ እሱም አልሆነላትም። አመሰግናለሁ ብላው ወጣች፤ ታክሲ ውስጥ ግን አለቀሰች።

እሁድ ስትሄድ አቶ ሰቦቃ ነጭ ለብሰው ሳሎን ተቀምጠው ይጠብቋታል። እውነቱን ልትነግራቸው አስባ ነበር፤ ልብሳቸውን ስታይ አቃታት። ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አስተካክላ ከፈተችላቸው።

«ይሄ አንቺ ነሽ» አሉ ፈገግ ብለው።

«አዎ፣ አባባ።»

«እሱስ?»

«ይመጣል። ትንሽ ይጠብቁ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መጠበቅ ጀመሩ። እየቆዩ፣ «አሁን ነው?» ይሏታል። እሷም ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች፤ እንደጨፈኑ ናቸውና አያዩአትም። ስልኩ ላይ ቅጂው ካለቀ ቆይቷል።